ደብሊው አምስተኛ ይጠጣል

በዚህ አገር ኢንጂነር መሆን ቀላል ነው፤ ከባዱ ኢንጂነር መሆንህን የሚያምንልህ ሰው ማግኘት ነው! አምስት ዓመት ትማራለህ፣ ትመረቃለህ፣ ቆብህን ወደ ላይ ወርውረህ ፎቶ ትነሣለህ። ከዚያ ስምንት ዓመት ሙሉ ጄኔሬተር ሲበላሽ ትጠራለህ፣ ፓምፕ ሲቃጠል ትረገማለህ። አንድ ቀን «እስቲ ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪ ልማር» ስትል ግን… «ቆይ! መጀመሪያ ማሰብ መቻልህን እናረጋግጥ» ትባልና ኮምፒውተር ፊት ትቀመጣለህ። የሚመጣልህ ጥያቄ ስለ ውኃ ከመሰለህ ተሳስተሃል። ስለ ባቡር ነው።

እኔ ነገሌ ቦረና ተወልጄ ነገሌ ቦረና የምሠራ የውኃ ኢንጂነር ነኝ። ሴት ነኝ፤ ይህንን የምነግራችሁ ወደ ታች ስትወርዱ «አንቺ» እየተባልኩ ስዘለፍ ግር እንዳይላችሁ ነው። ባቡር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። አባቴም አላዩም። ከነገሌ ፊልቱ የሚመላለሰው አይሱዙ በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ እንኳ ሾፌሩ አያውቅም፤ መለኪያው ከሞተ ቆይቷል። እንግዲህ እኔን ነው «ሁለት ባቡሮች ከተለያየ ከተማ ተነሥተው…» እያሉ የሚያደርቁኝ።

«ለመሆኑ መማሩን ምን አመጣው?» ትሉኝ ይሆናል። ገንዳ ነው ያመጣው።

ከከተማችን ወጣ ብሎ አንድ የቆየ ኤላ አለ። ኤላ የቦረና ሰው በእጁ የቆፈረው ጥልቅ የውኃ ጉድጓድ ነው፤ ጎረምሶች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው ውኃውን በእጅ በእጅ እየተቀባበሉ፣ እየዘፈኑ ያወጡታል። አባ ጃርሶ የሚባሉ ሽማግሌ የዚህ ኤላ አባ ሄረጋ ናቸው። አባ ሄረጋ ማለት የተራ ዳኛ በሉት፤ የማን ከብት ዛሬ ይጠጣል፣ የማን ነገ፣ ማን ይቀድማል፣ ማን ይከተላል የሚለውን የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ማንበብና መጻፍ አይችሉም። ያን ሁሉ መንጋ፣ ያን ሁሉ ተራ በጭንቅላታቸው ነው የሚይዙት።

ለዚህ ኤላ እፎይታ ይሁን ተብሎ አጠገቡ በማሽን የሚቆፈር ጉድጓድ ከነከብት ማጠጫ ገንዳው ታቀደ። ዲዛይኑን የሠራው ከላይ የተላከ ሰው ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ባለሙያው እንበለው። መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሳይሆን ግንባሩ ላይ ነው የሚያደርገው… በግንባሩ ያይ ይሆናል፣ ማን ያውቃል! ንድፉን ግድግዳ ላይ ሲያበራልን ገንዳው ዙሪያውን ታጥሯል፤ አጥሩ አንድ በር ብቻ ነው ያለው። እጄን አወጣሁ።

«በአንድ በር አይሆንም» አልኩ። «ጠጥቶ የሚወጣና ጠምቶት የሚገባ ከብት በር ላይ ይገናኛል። መግቢያና መውጫው ለየብቻ ይሁን።»

ባለሙያው ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ።

«ማስተርስ አለሽ?»

«የለኝም።»

«እሺ፣ ሌላ አስተያየት ያለው?»

አዳራሹ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ?

ገንዳው ተሠራ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ሰንጋ ታረደ። በመጀመሪያው ሳምንት በሩ ላይ ከብት ከከብት ተጣብቆ የሁለት ላሞች እግር ተሰበረ። በሁለተኛው ሳምንት ባለከብቶቹ «የራሳችን ኤላ ይሻለናል» ብለው ጥለውት ሄዱ። በሦስተኛው ጄኔሬተሩ ተቃጠለ። ዛሬ ገንዳው ውስጥ ፍየሎች ይተኙበታል፤ ነፋስ ይከልላል መሰለኝ፣ ተመችቷቸዋል። ባለሙያውስ? ባለሙያውማ ሌሎች ገንዳዎች እንዲነድፍ ተመረጠ። ማስተርስ አለዋ!

በዚህ መሀል ለመሥሪያ ቤታችን አንድ የትምህርት ኮታ መጣ። አንድ! ዕድሉ ለእኔ ደረሰ። ደብዳቤው እንደሚለው የመግቢያ ፈተናውን ሁለት ጊዜ መሞከር እችላለሁ፤ በሁለቱም ካላለፍኩ ኮታው ለሌላ መሥሪያ ቤት ይሰጣል። እንግዲህ ነገሩ ግልጽ ነው። ካለፍኩ ተምሬ እመጣና ገንዳዎቹ ሁለት ሁለት በር ይኖራቸዋል። ከወደቅሁ ባለሙያው ቆላውን በሙሉ ባለ አንድ በር አድርጎት ያርፋል።

ወሬውን መጀመሪያ የነገርኩት ለአባቴ ነው። አባቴ ሐጂ፣ ገበያው አጠገብ ገመድ፣ ጀሪካንና የቧንቧ ዕቃ የሚሸጡበት ሱቅ አላቸው። ጀሪካን እየቆጠሩ ሰሙኝ።

«ሃሊማ፣ ስምንት ዓመት ውኃ ስታወጪ አልነበር እንዴ?»

«ነበር፣ አባዬ።»

«ውኃው ወጥቷል?»

«ወጥቷል።»

«ታዲያ ምኑን ነው የሚፈትኑሽ?»

«ማሰብ መቻሌን።»

«ሳታስቢ ነው ያወጣሽው?»

አባቴ ወደ ጀሪካን ገዢው ዞር ብለው «ሰማህ? ልጄ ማሰብ ልትፈተን ነው» አሉት። ገዢው ከንፈሩን መጠጠ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ነገሌ ውስጥ ሰላምታዬ ተለወጠ። «አካም? ናጋ?»፣ እንዴት ነሽ፣ ሰላም ነው ወይ፣ ይሉኝ የነበሩ ሰዎች «አካም? ማሰቡ እንዴት ነው?» ይሉኝ ጀመር። ሻይ ቤት ስገባ «ዝም በሏት፣ እያሰበች ነው» ይባላል።

ጥናቱንማ ተዉት! ከማን ወደ ማን ሲተላለፍ እንደመጣ የማይታወቅ የልምምድ ጥያቄ ስልኬ ላይ ጫንኩ። ባቡሩን ቻልኩት፤ ሂሳብ ነው። «አንዱ ፓምፕ ታንከሩን በስድስት ሰዓት ይሞላል፣ ሌላው በአራት ሰዓት፤ ሁለቱ አብረው ቢሠሩስ?» የሚለውንም ቻልኩት፤ ምንም እንኳ በሥራ ዘመኔ ሁለት ፓምፖች በአንድ ቀን አብረው ሲሠሩ አይቼ ባላውቅም። የገደለኝ የሰልፉ ጥያቄ ነው። «ስድስት ሰዎች ተራ በተራ ንግግር ያደርጋሉ። ኬ ከኤች በኋላ ነው። ኤም ከጂ ቀጥሎ ነው። ኤል መጀመሪያም መጨረሻም አይሆንም…» እኔ ምለው፣ እነዚህ ሰዎች ስም የላቸውም? እናት አባት አላወጣላቸውም? ኤልስ ምን በድሎ ነው መጀመሪያ የማይናገረው? እንዲህ እያልኩ ስናደድ ጊዜው ያልቃል። በሁለት ደቂቃ ማለቅ ያለበት ጥያቄ ግማሽ ሰዓት ፈጅቶብኝ፣ መልሱን ስከፍት ተሳስቻለሁ።

አንድ ቀን ያንን የተቃጠለ ጄኔሬተር እንዳይ ተላክሁ። መለዋወጫው እስኪመጣ ኤላው አጠገብ ግራር ሥር ተቀምጬ፣ ስልኬ ላይ አፍጥጬ ከኤል ጋር ስታገል አባ ጃርሶ መጡ።

«አካም ኢንታላ? ናጋ?» አሉኝ። ኢንታላ ልጅት ማለት ነው።

«ናጋ፣ አባ።»

«ሰው ናጋ? ከብት ናጋ?»

«ከብት የለኝም እኮ አባ።»

«ኤዬ…» አሉና በሐዘኔታ አዩኝ። «ታዲያ ፊትሽ ምን ሆነ? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ሰልፍ አቃተኝ።»

«ሰልፍ?»

ዱላቸውን መሬት ላይ አጋደሙና ተቀመጡ። ሰልፍ የእሳቸው ሥራ ነው፤ ሰው በሥራቸው ላይ ሲቸገር ዝም ብለው አያልፉም። ጥያቄውን በኦሮምኛ ተረጎምኩላቸው። ተናጋሪዎቹን ግን መንጋ አደረግኋቸው። ስድስት መንጋ ውኃ ሊጠጣ መጥቷል፤ የኬ መንጋ ከኤች በኋላ ነው፤ የኤም ከጂ ቀጥሎ ነው፤ ኤል መጀመሪያም መጨረሻም አይሆንም…

«ኤል ለምን መጀመሪያ አይጠጣም? ተጣልቷል?»

«እንጃ፣ አልተነገረም።»

«ትናንትና ሰልፍ አበላሽቶ ይሆናል፤ ተቀጥቶ ነው» አሉ ለራሳቸው። ለካ ለኤልም የሚያዝንለት ሰው ነበረው! ከዚያ ከመሬት ስድስት ጠጠር ለቀም ለቀም አድርገው አሸዋው ላይ ደረደሩ። አንዱን ወደ ግራ፣ አንዱን ወደ ቀኝ… የሚያኝኩትን ትንባሆ ከአንድ ጉንጫቸው ወደ ሌላው እስኪያዞሩ ያህል እንኳ አልፈጀባቸውም።

«አልቋል» አሉ።

የመልሱን ገጽ ከፈትኩ። ትክክል!

ሁለተኛውን ሰጠኋቸው። ትክክል። ሦስተኛውን ሰጠኋቸው። ትክክል! እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። እኔ ባለዲግሪዋ ግማሽ ሰዓት ያቃሰትኩበትን፣ ፊደል ያልቆጠሩ ሽማግሌ ከብት እያዩ በጎን ይጨርሱታል።

«እንዴት ነው የሚያደርጉት፣ አባ?»

«እኔ ዕድሜዬን ሁሉ ሌላ ምን ሠራሁ?» አሉ እየገረማቸው። «ይሄ ስድስት ነው። ለስድስት መንጋማ ሚስቴም ትበቃለች።»

አስተማሩኝ። ለየመንጋው አንድ ጠጠር። ቦታው የታወቀውን ቀድሞ ማስቀመጥ፣ እንደ ልቡ የሚሆነውን መጨረሻ መተው። ትምህርቱ እያለቀ ሲመጣ ከኮሮጇቸው አንዲት ነጭ ጠጠር አወጡ።

«ይቺ ኬሱማ ናት» አሉ፤ እንግዳ ማለታቸው ነው። «ከሩቅ የመጣ ሰው ካለ፣ ምንም ሳትጠይቂ መጀመሪያ እሷን አስቀምጪ። ሰልፍ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ኬሱማ ተራ አይጠብቅም፤ መንገድ አድክሞታል።»

«እሺ፣ አባ።»

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ምክንያት እየፈለግሁ ወደ ጄኔሬተሩ ተመላለስኩ። ጄኔሬተሩ ባይድንም እኔ ዳንኩ! ጠጠሮቹ በእጄ ላይ ይሮጡ ጀመር። በልምምድ ጥያቄዎቹ ውስጥ እንግዳ የሚባል ሰው አንድም ቀን ስላልመጣ፣ ነጯ ጠጠር ዳር ላይ ተቀምጣ ታየን ነበር። አባ ጃርሶ ይህ ነገር ሁልጊዜ ያሳስባቸዋል። «እነዚህ ሰዎች ጋ ለምን ማንም አይመጣም?» ይላሉ።

የፈተናው ቀን ደረሰ። በወደራ፣ በክብረ መንግሥት አድርጌ፣ ከዚያም ወዲያ ሌላ መኪና ይዤ፣ ወገቤ ሁለት ቦታ ተቆርጦ ፈተናው የሚሰጥበት ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። አባ ጃርሶ የሰጡኝን ሰባቱን ጠጠር በሻሼ ጫፍ ቋጥሬያለሁ። በሩ ላይ የምትፈትሸው ሴት ቋጠሮውን አገኘችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጠጠር።»

«የምን ጠጠር?»

«የሰልፍ ጥያቄ መሥሪያ ነው። እነዚህ ስድስቱ መንጋ ናቸው።»

«ይቺ ነጯስ?»

«እሷ እንግዳ ናት።»

ፈታሿ ትንሽ ወደ ኋላ ሸሸችና ኃላፊውን ጠራችው። ኃላፊው የተከለከሉ ዕቃዎችን ዝርዝር አወጣ። ስልክ አለ፣ ሰዓት አለ፣ ካልኩሌተር አለ… ጠጠር የለም። ዝርዝሩን ገልብጦ ጀርባውን አየ። እዚያም የለም። ሰውየው ተጨነቀ! አንዷን ጠጠር አንሥቶ ወደ ብርሃን አቅንቶ አየና «የሚበራ ነገር የለውም?» አለኝ።

«ወንድሜ፣ ድንጋይ ነው እኮ!»

«ለጥንቃቄ ይያዝ» አለ። መንጋዎቼ ከነእንግዳቸው በፌስታል ታስረው፣ ቁጥር ተለጥፎባቸው በር ላይ ቀሩ። ይህ ሰው እኔ ማሰብ መቻሌን ሊያረጋግጥ ነው እንግዲህ የተቀመጠው!

ግድ የለም፤ ጠጠሮቹ በጭንቅላቴ ውስጥ ነበሩ። ፈተናው ተጀመረ። ባቡሮቹ መጡ፤ አገናኘኋቸው። ፓምፖቹ መጡ፤ ታንከሩን ሞላሁት። የእንግሊዝኛውን ክፍል አልነግራችሁም፤ ሰው የሚኖርበት እንግሊዝኛ አይደለም። ከዚያ ስጠብቀው የኖርኩት መጣ። አምስት ጥያቄ የተንጠለጠለበት የሰልፍ ጥያቄ! እንዲህ ይላል፤ «ሰባት ኢንጂነሮች በአንድ ስብሰባ ላይ ተራ በተራ ጥናት ያቀርባሉ። ስድስቱ የአንድ ድርጅት ባልደረቦች ናቸው። ሰባተኛው ደብሊው ከሌላ ከተማ የመጣ እንግዳ ነው።»

እንግዳ! ያን ሁሉ ጊዜ ዳር የተቀመጠችው ነጭ ጠጠር… ዛሬ መጣች!

ከታች ያሉትን ሕጎች ከማንበቤ በፊት ደብሊውን አንደኛ አድርጌ አስቀመጥኩት። እንኳን ደህና መጣህ ልለው ምንም አልቀረኝ። ከዚያ ሕጎቹን አነበብኩ፤ ስድስቱ ባለአገሮች ከኋላው ቁጭ ቁጭ አሉ። የሚያምር ሰልፍ! አምስቱንም ጥያቄ ሳልጠራጠር መለስኩ። አጠገቤ አንድ ሰው ብዕሩን እያኘከ ያልበዋል። አሳዘነኝ። አባ ሄረጋ የሌለው ሰው ምን ያድርግ ብዬ በንቀት አለፍኩት።

ስንወጣ ጠጠሮቼን ከበር ተረክቤ መልሼ በሻሼ ቋጠርኳቸው፤ ያ ብዕር አኛኪም ከክብረ መንግሥት የመጣ ልጅ መሆኑን አወቅሁ። ጥላ ሥር ተሰብስበን ስናወራ ጠየቀኝ።

«ያ የሰባቱ ኢንጂነሮች እንዴት ነበር?»

«ቀላል!» አልኩ።

«ደብሊውን ስንተኛ አደረግሽው?»

«አንደኛ ነዋ!»

«ከየት አመጣሽው? ሕጉ እሱን አያስረውም እኮ። አምስተኛም ይሆናል፣ ሰባተኛም ይሆናል። ለዚህ እኮ ነው የአብዛኛው መልስ ‹በተሰጠው መረጃ ማወቅ አይቻልም› የሆነው።»

«እንግዳ ነው እኮ!»

«እና?»

«ምን ማለት ነው ‹እና›? ከሌላ ከተማ ነው የመጣው! ቁጭ ብሎ ስድስት ሰው ሊሰማ ነው?»

ልጁ አየኝ። ዙሪያችን ያሉትም አዩኝ። «እሱ እንኳ… ለማሳመሪያ ነው የተጻፈው» አለኝ በትሕትና፣ በሽተኛ እንደሚያናግር ሰው። ለማሳመሪያ! ሰው ከሌላ ከተማ ድረስ አስመጥተው ለማሳመሪያ!

ይኼኔ ከኋላችን የቆመ አንድ ጎልማሳ ጉሮሮውን ጠረገና «እኔም አንደኛ ነው ያደረግሁት» አለ ቀስ ብሎ። ከየት እንደመጣ ጠየቅሁት። ከፊልቱ ነው። ተያየን፤ ሁለታችንም አንገታችንን ደፋን።

ውጤቱ ወጣ። ወደቅሁ። በሦስት ነጥብ! አምስት ጥያቄ በዚያች በአንዲት ጠጠር ሄዷል፤ ሂሳቡን ለእናንተ ትቼዋለሁ። ሰው በስንፍና ይወድቃል፣ በሕመም ይወድቃል፤ እኔ እንግዳ አክብሬ ወደቅሁ። አልቅሻለሁ፣ አልዋሻችሁም። ሱቁ ጓዳ ውስጥ የገመድ ጥቅል ላይ ተቀምጬ ሳለቅስ አባቴ መጡ።

«ማሰብ አትችይም አሉ?»

«እንደዚያ ነው የሚሉት።»

«ታዲያ ውኃውን መልሰን እንቅበረው?» አሉና ሻሽ አቀበሉኝ።

ተናድጄ ሳምንት ሳይሞላኝ ወደ ኤላው የሚያደርስ መኪና አገኘሁ። ያውም የማን መኪና! ባለሙያው «ኅብረተሰቡ ገንዳውን ለምን አይጠቀምም?» የሚል ጥናት ሊያጠና መጥቶ፣ አስጎብኚ ተብዬ አብሬው ተላክሁ። መንገዱን ሙሉ ስለ ኅብረተሰቡ የግንዛቤ ችግር ሲያስረዳኝ ሄድን። ልንደርስ ስንል ላንድክሩዘሩ ጨሰ። ራዲያተሩ ውኃ ጨርሷል። የወረድነው የት መሰላችሁ? እሱ የነደፈው ገንዳ ፊት ለፊት! ሾፌሩ ጀሪካን ይዞ ሮጠ፤ ፍየሎቹ ቀና ብለው አዩት፤ ጠብታ የለም።

ባለሙያው ጀሪካኑን ተቀብሎ ወደ ኤላው አመራ። እዚያ ከጠዋት ጀምሮ ተራ የሚጠብቅ ከብት ሜዳውን ሞልቶታል። አባ ጃርሶ ከሩቅ አዩት። «ኬሱማ!» አሉ። አንድ ቃል ናት። ዘፈኑ ቆመ፣ ተራው የደረሰው መንጋ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ የባለሙያውን ጀሪካን ተቀብለው ሞሉለት። ከብቶቹ ያገሣሉ፤ ባለቤቶቻቸው ዝም ብለዋል። አንድም ሰው ‹ለምን?› አላለም።

ባለሙያው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«አየሽ? ሰልፍ የሚባል ነገር አያውቁም። እኔ መጨረሻ መጥቼ መጀመሪያ ቀዱልኝ። ሥርዓት የለም! ይህንን ሪፖርቱ ውስጥ አስገባዋለሁ።»

አየሁት። ከሌላ ከተማ የመጣ ነው፤ ኢንጂነር ነው፤ እንግዳ ነው። ነጭ ኮፍያ እንኳ አድርጓል! ደብሊው በአካል፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ጀሪካን ይዞ ቆሟል። እኔ በዚህ ሰው ነው እንዴ የወደቅሁት!

«ሥርዓቱማ አለ» አልኩት። «ጥያቄው ውስጥ ስላልተጻፈ ነው ያላየኸው።»

አልገባውም። ወደ መኪናው ሄደ። እኔ አባ ጃርሶ ጋ ቀረሁ። ልወቅሳቸው ነበር የመጣሁት፤ ሰላምታው ራሱ ግን ንዴቴን ግማሽ ጨረሰው። ሰው ናጋ፣ ቤት ናጋ፣ መንገድ ናጋ…

«ፈተናውስ?» አሉ በመጨረሻ።

«ወደቅሁ፣ አባ። በአንቱ ነጭ ጠጠር።»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ዱላቸውን ተደግፈው ሰሙኝ።

«ታዲያ ኬሱማው ስንተኛ ይጠጣል ይላሉ?»

«አምስተኛም ቢሆን ሰባተኛም ቢሆን ግድ የላቸውም።»

«ከሩቅ መምጣቱን አልሰሙም?»

«ሰምተዋል። የጻፉት እኮ ራሳቸው ናቸው።»

«እያወቁ!»

አባ ጃርሶ ሲያፍሩ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ግን በማያውቋቸው ሰዎች ፈንታ አፈሩ። ከዚያ ወደ ባለ አንድ በሩ ገንዳ ተመለከቱ፤ ቀጥለው ወደ ባለሙያው፤ ቀጥለው አሁንም ተራ ወደሚጠብቁት ከብቶች።

«ሌላ ጊዜ ይፈትኑሻል?»

«አንድ ጊዜ ይቀረኛል። እሱን ካላለፍኩ የሚመጡትን ገንዳዎች በሙሉ የሚሠራው ያ ሰውዬ ነው።»

ብዙ አሰቡ። በኋላ እጃቸውን ዘረጉልኝ። ነጯን ጠጠር ከሻሼ ፈትቼ ሰጠኋቸው፤ ወደ ኮሮጇቸው መለሷት።

«ይቺ እኔ ጋ ትቆይ» አሉ። «እዚያ ስትሄጂ ኬሱማውን አምስተኛ አጠጪው። ለገንዳው ብለሽ ነው፤ ፈጣሪያችን ዋቃ ይቅር ይላል።»

«እሺ፣ አባ።»

መንገድ ጀምሬ ሳለሁ ከኋላዬ ጠሩኝ።

«ኢንታላ! ስትመለሺ ግን… ኤላው ጋ ከመምጣትሽ በፊት እጅሽን ታጠቢ።»